የክዳኑ ሰም

ጧፍ በያዝኩ ቁጥር ጥፍሬ ሥር ትንሽ ሰም ይቀራል። ሌላው ሰው እጁን ጠረግ አድርጎ ይረሳዋል፤ እኔ ግን አሸተዋለሁ። ማር ማር ይላል። ከማሩ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ ቤንዚን ይሸተኛል። ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ታክሲ ውስጥ ጣቴን አፍንጫዬ ላይ እንዳደረግሁ መውረጃዬ አለፈኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ መንግሥት ከተለወጠ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። መካኒሳ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሦስት ሰውና አንድ ሞተር እንኖር ነበር። ሞተሩ አባዬ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲያመላልስበት አብሮት ያረጀ፣ ጡረታ ሲወጣም ይዞት የመጣ ቀይ ሞተር ነው። ግቢያችን አጥር ስላልነበረው ሌባ ፈርተን ሲመሽ ወደ ቤት እናስገባውና በቡፌውና በአባዬ አልጋ መካከል ጆንያ አልብሰን እናሳድረው ነበር። እንግዳ ሲመጣ እንኳ እኛ ተጠጋግተን ለሱ ቦታ እንለቅለት ነበር።

አባዬ ደረቱን ሲያመው ሞተሩን ረግጦ ማስነሣት አቃተው። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አንድ ማተሚያ ቤት ሞተር ያለው ተላላኪ እንደሚፈልግ ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺ ትነጃለሽ» አለኝ። በሁለት ሳምንት ኳስ ሜዳው ላይ አስተማረኝ። እማዬ ሁለታችንንም አኮረፈችን። ማተሚያ ቤቱም ለአንድ ወር ሊሞክረኝ ተስማማ።

ሞተሩ ከቤት ሲወጣ ደህና ነው። ብስራተ ገብርኤል ጋ ዳገቱን ስይዝ ግን ድምፁ ይደክማል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ጸጥ። ወርጄ ጥግ እይዛለሁ። የማውቀው ነገር ቤንዚን መኖሩን ማየት ብቻ ስለነበር የታንኩን ክዳን ከፍቼ አያለሁ። ሙሉ ነው። መልሼ እዘጋና እግሬ እስኪዝል እረግጣለሁ። በስንት መከራ ይነሣል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይሄድና ደግሞ ይቆማል። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ በነጻ ያየኝ ነበር። «እህት፣ አንቺ ነሽ የምትነጂው ወይስ እሱ ነው የሚነዳሽ?» ይሉኛል። በየቀኑ ላብ በላብ ሆኜ፣ እጄ ጠቁሮ፣ አርፍጄ እገባለሁ።

ስመለስ አባዬ ደጅ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

«ዛሬስ?»

«ቆመ።»

መፍቻዎቹን ከጠቀለለበት አሮጌ የካኪ ጨርቅ አውጥቶ ሥራውን ይጀምራል። ካንዴላውን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ካርቡራተሩን ፈታቶ በቤንዚን ያጥባል፣ ቀዳዳዎቹን በአፉ እፍ ይላል፣ ከዚያ ያስላል። ሳሉ ሲለቀው እንደገና እፍ ይላል። ገጥሞ ሲጨርስ እኔ ሳስነሣው ሞተሩ ደጃችን ላይ ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። «ይኸው! ሰማሽው? ምን አለበት?» ይለኛል ፊቱ በርቶ። በማግሥቱ እዚያው ዳገት ላይ ይቆማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

አንድ ዓርብ አለቃዬ ሰዓቱን እያየ፣ «ሰኞ ካረፈድሽ አትልፊ፣ አትምጪ» አለኝ። ያን ቀን በዝናብ፣ ያን የመካኒሳን ጭቃ ሞተሩን እየገፋሁ ገባሁ። አባዬ ጨርቁን መፍታት ሲጀምር አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ተወው በቃ። እጅህ ደክሟል። ጋራዥ ልውሰደው።»

እጆቹን አያቸው፤ አገላብጦ አያቸው። «ደክሞ ይሆናል» አለ። መፍቻዎቹን መልሶ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተታቸው። ያን ጊዜ እንኳ ይቅርታ ማለት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን እግሬን ለመታጠብ ውኃ ፍለጋ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ስልክ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ይዞት ወጣና ብዙ ቆይቶ ዘይት በዘይት ሆኖ እየገፋው ተመለሰ። ጆሮውን አስጠግቶ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ሲከፍት አየሩ ፉት ብሎ ገባ። እኔ ስንት ቀን ሰምቼው ያለፍኩት ድምፅ ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀዳዳ አለች፣ እሷ ከተደፈነች ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል አለኝ። በመርፌ ጎርጎር አድርጎ ቢጫ ነገር አወጣ፣ አሸተተውና ሳቀ።

«እህቴ፣ ለዚህ ሞተር ጧፍ የሚያበራለት ማነው?»

ቤት ስደርስ እማዬ ደጅ ልብስ ታጥባለች። ሰሙን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት። መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን አባዬ የተኛበትን ቤት ነው።

«ቤንዚኑ ሲያድር ይሸታል። አባትሽ ደግሞ ሲያስል ያድራል፣ አንቺ የት ትሰሚያለሽ። ከደፈንኩት ወዲህ ቀለል ብሎታል» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ሞተር እንደሚያቆም በምን ልወቅ?»

«እና ለምን አልነገርሽውም?»

«ቢያውቅማ ለሞተርሽ ብሎ እሱ ወጥቶ ማእድ ቤት ይተኛ ነበር።»

እውነቷን ነው። እሷ ማታ ልትደፍነው፣ እኔ ጠዋት በመርፌ ልከፍተው ተስማማን። ለአባዬ፣ «ሰውዬው ካርቡራተሩን አጠበልኝ» አልኩት።

«እኔም አጥቤው ነበር» አለ። «የሱ እጅ ይሻላል ማለት ነው።»

እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። እማዬን አየሁና ዋጥኩት።

ሰኞ በሰዓቱ ገባሁ፤ ሥራው የእኔ ሆነ። ሁለት ዓመት ነዳሁት። ቸኩዬ መርፌውን የረሳሁባቸው ጠዋቶች ብዙ ነበሩ። ዳገቱ ላይ ስደርስ ነው ትዝ የሚለኝ። ሞተሩ ግን አንድም ቀን አልቆመም። ሰሙ በራሱ ወድቆ ይሆናል እያልኩ አልፈው ነበር። ጠዋት ስነሣ አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ታንኩ ላይ አድርጎ አገኘዋለሁ። «በይ ደህና ዋይልኝ» ይለኛል።

አባዬ ካረፈ በኋላ፣ አርባው አልፎ፣ ከእማዬ ጋር ቤቱን ስናስተካክል ከአልጋው ሥር ያን የካኪ ጨርቅ አወጣሁት። መፍቻዎቹ እኔ ያን ዓርብ እንዳየኋቸው በተርታ ተኝተዋል። ጨርቁ ጠርዝ ላይ ግን አንድ የልብስ መርፌ ተሰክቷል። ጫፉ ላይ ቢጫ ሰም ተደራርቦበታል።

መቼ እንዳወቀ አላውቅም። እጅህ አልደከመም ነበር ብዬ ልነግረው ስንት ጠዋት ነበረኝ።

እማዬ መርፌውን ተቀበለችኝ። ጫፉን በጥፍሯ ፍቃ አሸተተችው፣ ከዚያ አልጋው ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ተቀመጠች።

«ማታ ሰሙን ስለጥፍ እንቅልፍ የወሰደው ይመስለኝ ነበር እኮ» አለች።