አማቴ ፊት ሸሚዝ ማውለቅ

ወንድ ሆኜ ልጄን በአንቀልባ አዝዬ ማንኩሳ ገበያ ስወርድ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቁብኛል። ይሳቁ! እሷ ጀርባዬ ላይ እንቅልፏን ትለጥጣለች፣ እኔ ሁለት እጄ ነፃ ነው፣ ድንች መርጬ እገዛለሁ። እኔን ያስለመደኝ ግን ጭንቅ ነው።

ልጃችን ያለ ወሯ ነው የተወለደችው። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ጠበቅ አድርጋ ነገረችን። «ሙቀቷን ራሷ መያዝ አትችልም። ገላዋን ከባዶ ደረታችሁ ጋር አድርጋችሁ እሰሯት። ከቀዘቀዘች ጡት መሳብ ያቅታታል።» ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳትጨርሰው ተወችው።

ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ቁስሏ አልሻረም። ስለዚህ ተረኛው እኔ ሆንሁ። ፍኖተ ሰላም የተከራየናት ቤት ደግሞ አንድ ክፍል ናት፤ አራሷን ሊጠብቁ ከቡሬ ገጠር የመጡት አማቴም እዚያው ናቸው። በእኛ አገር አማትና አማች ይተፋፈራሉ። እሳቸው እኔ ፊት ሲጎርሱ በነጠላቸው ይከለላሉ፤ እኔም እሳቸው ባሉበት እግሬን አልዘረጋም። ታዲያ በምን ዓይኔ ደረቴን ልግለጥ?

ብልጥ ነኝ ብዬ ልጅቷን ከሸሚዜ በላይ በነጠላ አሰርሁና ጋቢ ደረብሁባት። ከሰዓት በኋላ እግሯን ብነካው የምንጭ ውኃ ሆኗል። ባለቤቴ ጡት ብትሰጣት አፏን ከፈት አድርጋ ዝም አለች።

አማቴ ቀረብ ብለው ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ሸሚዜን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ያውልቁት!» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«ሸሚዙን ነዋ! ኧረ በእመቤቴ! እኔን አፍረው ልጅ ሊቀብሩ ነው? እኔስ የወለድሁትን ሁሉ አዝዬ ነው ያሳደግሁ። ልጅን ገላ እንጂ ጨርቅ አያሞቀውም።»

ላብ እያጠመቀኝ አወለቅሁ። ባለቤቴ በነጠላው ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ፤ ልጅቷ እንደ እንቁራሪት እግሯን ከፍታ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። አማቴ ከግድግዳው ሳይዞሩ ደጋግመው፣ «ሞቀች?» ይላሉ።

«ገና ነው» እላለሁ።

ትንፋሿን እየቆጠርሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በኋላ አንገቴ ሥር አንድ ነገር ሲርመሰመስ ተሰማኝ። አፏ ነበር፤ ጡት ትፈልጋለች። ከእኔ ምን ታገኛለች? ስታጣ ጊዜ በንዴት ጮኸች። ከተወለደች እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። አማቴ ድንገት ዞረው እልልታውን አቀለጡት፤ ደረቴ ባዶ መሆኑ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ባለቤቴ እያለቀሰች ተቀበለችኝ። ልጅቷም ጡቱን ያዘች። እፎይ! ሦስታችንም ጉርጥ ጉርጥ እያደረገች ስትውጥ ሰማናት።