ቀይ ሰማይ በሃግሴትራ

ሽንኩርት እየከተፍኩ ልጄ ከበረንዳው «ፓፓ፣ ኑርሼን» ብላ ስትጠራኝ ገና ሳልወጣ ተናደድኩ። ኑርሼን የሚሉት በሰሜን በኩል ሰማዩን የሚያበራውን ብርሃን ነው፤ ስቶክሆልም ላይ ብዙ አይታይም።

እኔም በእሷ ዕድሜ እዚሁ የስቶክሆልም ዳርቻ ሃግሴትራ፣ አባቴ ቤት፣ አንድ ምሽት ከራት በፊት አይቼዋለሁ። ከፎቆቹ ጀርባ ሰማዩ ደም መስሎ ነበር። አባቴን ጠራኋቸው። ሽንኩርት በሚሸት እጃቸው አንገቴን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱኝ፤ መብራቱን ሁሉ አጠፉ፤ መጋረጃውን ዘጉ። ኮሪደሩ ወለል ላይ አስቀምጠውኝ «ዝም በል። ከተማ ሲቃጠል ሰማዩ እንዲህ ነው» አሉኝ። እኔ በስዊድንኛ «እሳት አይደለም» እያልኩ አለቀስኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ክፍሉ ሁሉ ስለ ኑርሼን ሲያወራ ዝም ብዬ ዋልኩ።

እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አባቴን ልቆጣቸው እልና በአገር ቤቱ ጦርነት ያንን ሰማይ ያሳዩአቸውን ሰዎች አስባለሁ። እነሱን ደግሞ የት አግኝቼ ልቆጣ?

ቢላዋውን አስቀምጬ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ከፎቆቹ በላይ ሰማዩ ቀልቷል። ልጄ ዘወር ብላ በስዊድንኛ «አመሰግናለሁ ፓፓ፣ አሁን በደንብ ይታያል» አለችኝ።

ሳይታወቀኝ የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፍቼው ነበር።