ቆጋ ላይ የላላው ዳዶ

በመካኒክነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ሮቦቱ ባሕር ዳር ባለው ወርክሾፓችን የሴራሚክ ወለል ላይ ሽር ብትን ይላል። የፈለሰፉት ተመራማሪዎች ያጨበጭባሉ። ኃላፊያችን ኢንጂነር ሰናይት፣ “ጋሼ፣ ለምርት ምን ይቀረዋል?” አለችኝ።

“ጭቃ” አልኋት። ሌሎቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ውላ ሳታድር ቆጋ መስኖ ላከችኝ።

ሮቦቱ አራት ጎማ ያለው ማሽን ነው፤ በድንች መደብ መካከል እየሄደ አረም ይኮተኩታል። ወደ ምርት የሚገባው ሠላሳ የሥራ ቀን ያለ እኛ እጅ ከሠራ ነው። ካልሆነ ወርክሾፑ ይዘጋል። ባለማሳው አያ ደሴ ያሠሩታል፤ እኔ እያየሁ እመዘግባለሁ። መንካት ክልክል።

ማሳው ዳር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻዬን ከረምሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የባሕር ዳሩም ቤቴ ያው ነው። ማሽኑ ሲቆም አያ ደሴ “ና እስኪ” ብለው ይጠሩኛል። ባልነካውም፣ እሳቸው እስኪያስነሱት ቆመን እናወራለን። እውነቱን ልናገርና፣ ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ሠላሳው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የፊት ጎማው ዳዶ ላላ። ማግስቱ ማርያም ናት። አያ ደሴ በበዓል ማሽኑንም ያሳርፉታል፤ “በሬዎቼ አርፈው እሱ ማን ስለሆነ ነው የሚሠራ?” ይላሉ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጎማው ቢወልቅ ሁላችንም እንበተናለን ብዬ ፈራሁና ቺያቤ አንስቼ አጠበቅሁት። መዝገቡ ላይም አልጻፍሁ።

በነጋታው አያ ደሴ ጎንበስ ብለው አዩ። ሌላው ሁሉ ጭቃ ለብሷል፤ ዳዶው ያበራል።

“በማርያም ሠራህ?”

“ትንሽ አጠበቅሁት እንጂ...”

“በዓል መሻርህን ከእመቤቴ ጋር ተነጋገር። አንተ ስትሄድስ ለእኔ ማን ያጠብቅልኛል?”

አፈርሁ። ለሰናይት ደውዬ ነገርኋት።

“ጋሼ፣ ክረምት ከገባ እኮ የመስኖ ድንች የለም” አለች።

“አውቃለሁ። ቀኑን እንደገና ከአንድ እንጀምር።”

ዳዶውን ድርብ አደረግነው። ቺያቤውን ለአያ ደሴ ሰጠኋቸው።

ሁለተኛው ሠላሳ ቀን አልገፋ አለኝ። ሌላ ነገር ሲላላ እሳቸው ያጠብቁታል፤ መጥራት ቀረ። እኔ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ “ሠራ” እያልሁ እጽፋለሁ። ዝናቡ ሳይቀድመን ሞላ። ሰናይት መጥታ ፈረመች፤ ወርክሾፑ ተረፈ። እኔ ግን ቆርቆሮ ቤቱን ዘግቼ ወደ ባዶው ቤቴ ተመለስሁ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ማሽኖቹ ይሠራሉ፤ ስለ እነሱ የሚጠይቀኝ የለም። ማሽን ተሠርቶ አለቀ የሚባለው ሠሪውን መፈለግ ሲተው ነው።