ያልተራገፈው ሂላ

ትናንት ፍራሼን ልጠቀልልበት የአባቴን የድሮ ሸራ ስዘረጋ ከእጥፋቱ ጥቂት ሰሊጥ ረገፈ። አንዷን ፍሬ አንስቼ አኘክኋት። አልጣመችኝም፣ አልመረረችኝምም። ልጅነቴ ግን ተከትሏት መጣ።

ያኔ የምንኖረው መተማ አጠገብ፣ ኮኪት ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳሉ። ጥቅምት ሲገባ ታጭዶ የታሰረው ሰሊጥ፣ ነዶው ተደጋግፎ እንደቆመ፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ሂላ የምንለው እሱን ነው፤ ደርቆ በጊዜው ካልተራገፈ ፍሬውን ነፋስ ይበትነዋል። ከታናሽ ወንድሜ ከአቤል ጋር በሂላው መሀል ድብብቆሽ ስንጫወት፣ ቅባት ቅባት የሚለው ሽታ ልብሳችን ላይ ያድር ነበር። ነዶ ከጣልን ደግሞ የእናቴ ቁንጥጫ አይቀርልንም።

በአንዱ ጥቅምት፣ ከታች በረሃው ውስጥ ካለ የእርሻ ሠራተኞች መንደር ሁለት ሰዎች መጡ። የነበሯቸው ቄስ በወባ ታመው ወደ ደጋ ተመልሰዋል፤ አንድ ሕፃንም ክርስትና ሳይነሳ ሞቶባቸዋል። ሌሎች ካህናት አንሄድም ብለዋቸው ነበር። አባቴ ሰምተው ሰዎቹን ሸኟቸው። በማግስቱ ግን "እንሄዳለን" አሉን።

"ሰሊጡስ?" አለች እናቴ። "ዓመቱን የምንበላው እኮ እሱን ነው።"

"የጠራን ያውቅበታል።"

"እሱስ ያውቃል፤ ነፋሱ ነው የማያውቀው።"

እናቴ በዋዛ የምትረታ ሰው አይደለችም። ሸራውን አንጥፋ ገና ያልደረቀውን ነዶ እየገለበጠች በዱላ ትመታው ጀመር። ፍሬውን የያዘው ቆባ አልተከፈተም ነበርና የወረደው ፍሬ እፍኝ አይሞላም። አባቴ አልተቆጧትም፤ ነዶዎቹን አንድ በአንድ አንስተው መልሰው አቆሟቸው። ከዚያም ሂላውን ከነሸራው ለጎረቤታችን ለአያ ደሴ አደራ ሰጥተን በትራክተር ተሳቢ ተነሳን። አባቴ እጄን ይዘው ወደ ላይ ሲያወጡኝ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ሙቀት ለምን እንደቀዘቀዘ አልጠየቅኳቸውም።

የመንደሩ ሰው በእልልታ ተቀበለን። በሦስተኛው ሳምንት አቤልን ወባ ያዘው፤ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰን ትራክተር እስኪገኝ እንኳ አልቆየልንም። ስንቀብረው አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የተሰማኝ ጫማዬ ውስጥ የገባው አሸዋ ብቻ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሰሊጡ መጣ። አያ ደሴ በጊዜው አራግፈው፣ አበጥረው፣ በዚያው ሸራ ሸፍነው ላኩልን። ያን ያህል የፈራንለት ሰሊጥ ተረፈ። ለአቤል ግን ማናችንም አልፈራንም ነበር።

እናቴ ኬሻዎቹን እያየች "የጠራን ይህን ጠብቆ ያን ለምን ተወው?" አለች።

"አላውቅም" አሉ አባቴ።

በማግስቱ የአንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ አጠመቁ። እስኪሞቱም ከዚያ መንደር ቤተ ክርስቲያን አልተለዩም፤ የተቀበሩትም ከአቤል ጎን ነው።

እኔ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ነርስ ነኝ። ቤቴ ሙቀቱን የሚያበርድ ቬንትሌተር አለው፣ ከደጄ ባጃጅ አይጠፋም። ያኔ የሰሊጥ ሽታ ብቻ የሚያስቦርቀኝ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ደስታም ሐዘንም የሚሰማኝ ከሩቅ ነው። ባለፈው ወር የዚያ መንደር ክሊኒክ ነርስ አጥቶ "ማን ይሄዳል?" ሲባል ሁሉም አቀረቀረ። እኔ እጄን አወጣሁ። ጸልየሽበታል ወይ ብትሉኝ ጸልያለሁ፤ የተሰማኝ ነገር ግን የለም። እንደ አባቴ ልቡ የሞላ ሰው ብቻ በእግዚአብሔር ታምኖ ከሞቀ ቤቱ የሚወጣ ይመስለኝ ነበርና፣ አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ወደ መንደሩ የሚወስደኝ መኪና መጣ። በሸራው የተጠቀለለውን ፍራሼን ከኋላ ጭኜ ልወጣ ስል የበሩ ብረት በፀሐይ ግሏል፤ የያዝኩበት እጄ ግን ቀዝቅዟል። እጄን አየሁት።

ለካ አባቴም ፈርተው ኖሯል።

ወጣሁ።