ቅሬታ ያልቀረበበት ፕሮግራም

የነፍሰ ጡሮች መመዝገቢያውን ፕሮግራም የጻፍኩት አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናትየዋ የወር አበባ ያየችበትን የመጨረሻ ቀን ታብሌቷ ላይ ትሞላለች፤ ፕሮግራሙ የመውለጃዋን ቀን አስልቶ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው "ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ይምጡ" የሚል መልእክት ለባልየው ስልክ ይልካል። ቀኑ ካልተሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ወሩ ተመርጦ ቀኑ ካልተነካ ደግሞ ራሱ ሠላሳ ብሎ ይሞላና ያሳልፋል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከሙከራው በኋላ ሠራተኞቹን መሐል ሜዳ ከተማ ሰብስበን ያስቸገራቸው ነገር እንዳለ ጠየቅናቸው። "ኧረ ምንም የለም፣ እግዜር ይስጥልን" አሉ። የአስተያየት መስጫው ቦታ ባዶ ነበር። እኔም ለአለቃዬ "ቅሬታ አልቀረበም" ብዬ ጻፍኩ።

የሚያናድደኝ፣ እኔ ራሴ የመንዝ ልጅ ነኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። እናቴ ጨው የበዛበትን የጎረቤት ወጥ እያመሰገነች ስትጨርስ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ስለተመቸኝ ግን ተቀበልኩት።

በጥቅምት ከራቤል ወጣ ካለች ቀበሌ አንዲት እናት ከነልጇ ሞተች ተባለ። መዝገቧን ስከፍት ቀኑ "ጥር ሠላሳ" ይላል። የሌሎቹን ከፈትኩ። ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ አሁንም ሠላሳ።

መዝጋቢዋን ሄጄ አገኘኋት። በዕድሜ ትበልጠኛለች።

"እናቶቹ በበዓል ነው የሚቆጥሩት" አለችኝ። "እሷም ያለችኝ 'ከገና ወዲህ፣ ጥምቀት ሳይደርስ' ነው። የማላውቀውን ቀን በገዛ እጄ ጽፌ ከምዋሽ፣ ማሽኑ ያለውን ተውኩለት።" ፕሮግራሙ መውለጃዋን ቢያንስ ሃያ ቀን አዘግይቶ አስልቷል ማለት ነው።

"መሐል ሜዳ ስጠይቃችሁ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደክመህ ሠርተህ አምጥተህልን፣ በሰው ፊት እንዴት ላሳፍርህ ወንድሜ?" አለችና አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገርኳት። አላመነችኝም።

አብረን ለቅሶ ለመድረስ ወደ ሟቿ ባል ቤት ወረድን። ቤታቸው ከገደሉ ሥር ነው። መልእክቱን ጠብቁ ስለተባሉ ሲጠብቁ ምጡ ቀደመ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ዳገቱን ሳይጨርሱ አረፈች።

ባልየው ተነሥቶ የተቀመጠበትን መደብ ለቀቀልኝ። ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ስሕተቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። መልእክቱ የገባው ከቀብሯ በኋላ ነው።

"እርስዎ ምን አጠፉ" አለኝ። "መልእክቱማ ይኸው መጥቷል። የቸኮለችው እሷ ናት።"