ቃል የማይያያዝለት ማመልከቻ ጸሐፊ

ሀዋሳ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ አሥራ ስምንት ዓመት የሰው አቤቱታ የጻፈው ሞገስ፣ በ1978 ዓ.ም. የራሱን አቤቱታ የሚናገርበት አፍ አጣ። አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱም አብሮ። የሆስፒታሉ ነርስ ሳትደብቅ ነገረችው፦ «ቃላቱ ጭንቅላትዎ ውስጥ አሉ። አያይዞ ዓረፍተ ነገር የሚያደርጋቸው ቦታ ነው የተመታው።»

እውነቷን ነው። ውኃ፣ በር፣ ዓሣ ይላል። ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ግን በአፉም በግራ እጁ ጽሕፈትም አይወጣለትም። ከሳሽን ከተከሳሽ ለይቶ መጻፍ የእንጀራ ገመዱ ለነበረ ሰው፣ ይኼ ግፍ ነው።

ሚስቱ ሞታለች። ያለው አንድ ልጁ ታምሩ ነው፤ እሱም ሰሜን ጦር ሜዳ። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲመጣ የቀበሌውን ዝርዝር የጻፈው ሞገስ ነበር። «የራሱን ልጅ ዘለለ» እንዳይባል ፈርቶ የታምሩን ስም በገዛ እጁ አሰፈረ። ታምሩ አወቀ። ሳይሰናበተው ሄደ፤ ዓመት ሙሉም አልጻፈለትም። አሁን ሞገስ ሳይሞት የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ።

ምግብ የምታመላልስለት ጎረቤቱ ታቢታ ወረቀት ይዛ መጣች። አስተማሪ ናት፤ ከጸሎት ቤት የማትቀር ደግ ሴት።

«ይበሉ ጋሽ ሞገስ፣ ለታምሩ ምን ልጻፍ?»

«ታምሩ... እኔ... ይቅርታ...»

«ገባኝ፣ ገባኝ!»

ከየት ይግባት! አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በእኛ አገር ማን አይቷል? ጉልበት የሚስመው ልጅ ነው። «ዝምታህ ቢያሳዝነኝም ይቅር ብዬሃለሁ» ብላ ጽፋ አነበበችለት።

«አይ! አይ!» አለ ሞገስ፣ በግራ እጁ ደረቱን እየደቃ።

«አይዞዎት፣ ያዘኑበትን ይርሱት።»

ጨነቀው። ያኔ የዘወትር ጸሎቱ ትዝ አለው። የተሸመደደ ነገር በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ነው መሰል፣ እሱ ብቻ ሳይደናቀፍ ይወጣለታል። ምሕረት የሚለምንበት ቦታ ሲደርስ አቁሞ ወረቀቱን ሊያሳያት አሰበና ጀመረ። ማቆም ግን አቃተው፤ ጸሎቱ ይዞት እስከ መጨረሻው ነጎደ። ታቢታ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» አለች፤ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክታም ከደብዳቤው ግርጌ አሳረፈችው።

መልሱ በሦስተኛው ወር መጣ። ታቢታ በደስታ ፖስታውን ቀድዳ፣ «አባዬ፣ ይቅር ስላልከኝ አመሰግናለሁ» ብላ አነበበች። ቀጥሎ ያለው «ከእንግዲህ ደብዳቤ አታስጽፍልኝ» ይላል። እሱን በዓይኗ ብቻ አየችው።

«ደህና ነኝ ብሏል» አለች፣ ወረቀቱን እያጠፈች።

ሞገስ ፊቷን አይቶ ተረዳ። ሚስቱን የቀበረ ዕለት እንኳ እንዲህ ብቸኝነት አልተሰማውም። ሦስት ቃል ከውስጡ አወጣ።

«ስም... ጻፍኩ... እኔ!»

ታቢታ እንባዋን ጠርጋ እጁን ያዘችው።

«አዎ ጋሼ፣ የስንቱን ስም ጽፈዋል። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልዎ» አለችው።