የመተማ ልጆች የተቆጠሩ ዕለት

የማሽላ ጎታ ሽታ እስከ ዛሬ ያንቀኛል። ቤት ያሉት እህል እንዳወጣ ሲልኩኝ ሰበብ ፈልጌ እቀራለሁ። «አባባ አርጅቶ ሰነፈ» ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በመንደራችን ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ከየኔታ ዳስ ፊደል እንማር ነበር። የሙስሊም ነጋዴዎቹ ልጆች ደግሞ ከገበያው ማዶ፣ ከሼሁ ኸልዋ ቁርዓን ይቀሩ ነበር። ወንዝ ስንወርድ ማን ብዙ በቃሉ እንደያዘ እንፎካከራለን። ሐቁን ለመናገር እነሱ ይበልጡን ነበር፣ በብዛትም በንባብም። ከእኛ ወገን ዳዊት የደረስሁ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ የኔታም በእኔ ይመኩ ነበር።

ማሽላው ሲያሸት የጣሊያኑ ሹም በአስተርጓሚ አስነገረ። ሁለቱም ትምህርት ቤት ይቆጠራል፤ ሃያ ልጅ ያልሞላው ተዘግቶ የበቅሎ ጋጥ ይሆናል። እኛ ሃያ ሁለት ነበርን። የኔታ አንድም ልጅ እንዳይቀርባቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ለመኑ፤ እናቶችም እሺ አሉ።

በአገራችን ግን ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። እናቴማ አንድ መንገደኛ ስንት እንደወለደች ቢጠይቃት «አምስት» ብላው፣ ወሩ ሳይሞላ ሁለቱን የወባ ንዳድ ወስዶባታል። የቆጠራው ዕለት በማለዳ ጎትታ ባዶው ጎታ ውስጥ ከተተችኝ። ትንፍሽ ብል የጠባሁት ጡቷ እንዲፋረደኝ ተናገረች።

ረፋዱ ላይ የኔታ ራሳቸው መጡ። ለካ ሌሎችም ሁለት እናቶች ደብቀው ኖሮ፣ የተሰበሰበው አሥራ ዘጠኝ ነው። ሼሁ ከተማሪዎቻቸው አንዱን ላበድርዎ ቢሏቸው፣ ፊደል አንብብ ቢባል ይያዝብኛል ብለው አመስግነው መለሱ። እናቴ ወፍ ጥበቃ ሄዷል አለቻቸው። የኔታ አላመኗትም መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ታከለ፣ ልጄ፣ አንድ ሰው ነው የጎደለኝ።»

አፌን በሁለት እጄ ያዝሁ። የኔታም «እሺ፣ ይሁን» ብለው ሄዱ።

ከቀትር በኋላ በቅሎዎቹ ዳሳችን ገቡ። የኔታ በሳምንቱ በእግራቸው ወደ ቋራ ወጡ፤ ንዳድ ከመንገድ አስቀራቸው ሲሉ ሰማን። እናቴ ስታለቅስ ሰነበተች፤ ግን ተጸጸትሁ አላለችም። እኔም አልፈረድሁባትም፤ ይኸው ከአምስቱ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ንባቤ ግን እዚያው ዳዊት ላይ ቀረ።

አሁን በየዓመቱ መምህራን ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስንት አለ እያሉ ደጃችን ይመጣሉ። ሴቶቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ የምመልሰው እኔ ነኝ። የልጅ ልጆቼን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራሁ፣ ጮክ ብዬ «ሰባት» እላለሁ። ከዚያ የንዳዱ ወራት እስኪያልፍ ድረስ፣ ጧት ጧት የሰባቱንም ግንባር እየዳሰስሁ እሰነብታለሁ።